መተኛት የምትወድ ሴት ምን ትሠልጥን?

ካይሮ ውስጥ ከመሐንዲሲን ወደ አርድ ኤል ሊዋ የሚመጣ ሰው የባቡር ሐዲድ ይሻገራል። ከሐዲዱ ወዲያ ያሉት ሰፈሮች በሙያ የተደለደሉ ናቸው። መሐንዲሲን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ለመሐንዲሶች መኖሪያ ተብሎ የተቀየሰ ሰፈር ነው፤ ከጎኑ የጋዜጠኞቹ አለ። ሰዎቹ ሥራቸውን ይውደዱት አይውደዱት እንጃ፤ ብቻ ሙያቸው የሚክሮባስ ረዳት በየቀኑ የሚጮኸው ስም ሆኖላቸዋል። ከሐዲዱ ወዲህ፣ እኛ ዘንድ፣ እንዲህ ያለ ወግ የለም። ትናንት እርሻ በነበረ መሬት ላይ ሕንጻው እንደፈቀደው ወጥቶ፣ ቱክቱክ በግድ በሚያልፍበት መንገድ ግራና ቀኝ ሰው በሰው ላይ ተደራርቦ ይኖራል። በአንድ ደረጃ ላይ ግብጻዊ ጡረተኛ፣ ሱዳናዊ የጥርስ ሐኪም፣ ኤርትራዊ ወታደር፣ ከእኛ ከኢትዮጵያውያን ደግሞ ነርስ፣ ዲያቆን፣ የጫማ ነጋዴና የሒሳብ መምህር ሲወጣ ሲወርድ ይገናኛል። ከጡረተኛው በቀር ሁሉም የቀድሞ ነው። የቀድሞው የደሴ የሒሳብ መምህር እኔ ነኝ።

ይህን ያህል የቀድሞ ሰው በተጠራቀመበት ሰፈር ሰሞኑን የገባው ወረርሽኝ ታዲያ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? "የምትወደውን ሥራ ያዝ" የሚባል ምክር።

እኛ ቤት ያስገባው አብሮኝ የሚኖረው ልጅ ነው። እንቅልፍ እምቢ ሲለው ስልኩን ደረቱ ላይ አቁሞ አነቃቂ ንግግር ያዳምጣል። አዲስ አበባ ካለ አንድ አዳራሽ፣ ሱፍ በስኒከር የለበሰ፣ ማይኩን ጆሮው ላይ የሰካ ሰው ከመድረክ ጫፍ እስከ ጫፍ ይንጎራደዳል። "የምትወደውን ሥራ ከያዝክ ዕድሜህን ሙሉ ሥራ አትሠራም!" ይላል። አዳራሹ በጭብጨባ ይናጋል። ልጁ በጨለማ ትንሽ አሰበና፣ "ጋሼ፣ እኔ ሥራ ከፈታሁ ስድስት ወር ሊሞላኝ ነው። እንግዲያው የምወደውን ይዣለሁ ማለት ነው?" አለኝ። ወደው አይስቁ አሉ።

ተናጋሪውን ግን አልወቅሰውም። ሰውየው መናገር ይወዳል፤ ሲናገርም ይከፈለዋል፤ አዳራሹ የሚገባው በትኬት ነው። ምክሩ ቢያንስ ለአንድ ሰው በትክክል ሠርቷል።

ወረርሽኙ ቀጥሎ በሥልጠና መልክ መጣ። ካይሮ ውስጥ ስደተኛ የሚረዱ ድርጅቶች ብዙ ስለሆኑ የየትኛው አዳራሽ እንደነበር አልናገርም፤ ሌላ ጊዜ ሊጠሩኝ ይችላሉ። የሄድነውም የትራንስፖርት ይሰጣል፣ በመካከሉ ዳቦ በአይብና የማንጎ ጁስ አለ ስለተባለ ነው። ርእሱ ራስን ችሎ ስለመኖር ነበር። አሠልጣኟ ከአውሮፓ የመጣች፣ ፊቷ እንደበራ የሚውል፣ ክፋት የሚባል ነገር ያልተፈጠረባት ወጣት ናት። ገና ከመጀመሯ ለእያንዳንዳችን አንዳንድ ቢጫ ወረቀት አደለች። ሰው ሁሉ በሁለት እጁ ተቀበለ። ቢጫዋን የጥገኝነት ካርድ ፍለጋ ስድስተኛው ኦክቶበር ከተማ ድረስ ሄዶ ፀሐይ ላይ የተሰለፈ ሰው ቢጫ ነገር አይንቅም።

"ስለ ገንዘብ አታስቡ" አለች በአስተርጓሚ። "ስለ ወረቀት አታስቡ። ልባችሁ የሚወደውን ሥራ ብቻ ጻፉ።"

ዝም ተባለ። ከኋላዬ አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ፣ "ይኼ ነገር ለፕሮሰስ ይያዛል እንዴ?" ብሎ አንሾካሾከ። በዚያች አንዲት ጥያቄ አዳራሹ ተረበሸ። ፕሮሰስ፣ ማለትም ወደ ሌላ አገር የመሻገሩ ጉዳይ፣ ከተባለ ነገሩ ቀልድ አይደለም፤ ልብህ የሚወደው ሥራ ኢንተርቪው ላይ ከተናገርከው ጋር ካልገጠመ ኬዝህ ይበላሻል። ስለዚህ ሰው ልቡን ትቶ ፋይሉን ማስታወስ ጀመረ። አንዱ የጻፈውን በእጁ ጋርዶ ጻፈ። አንዱ ደግሞ ባዶውን አጥፎ ኪሱ ከተተው፤ ከጠበቃ ሳይማከር አይጽፍም።

ወረቀቶቹ ተሰብስበው ግድግዳ ላይ ተለጠፉ። "ንግድ"። "ንግድ"። "ሹፌር"። "ካናዳ"። "ማንኛውም"። "ንግድ"። አንዷ ላይ ግን፣ የቄስ ትምህርት ቤት ባሳመረው እጅ፣ "መተኛት" ተብሎ ተጽፏል።

የማን ነው ተባለ። እጇን ያወጣችው አርባዎቹን የጀመረች፣ ነጠላዋን አንገቷ ላይ የጠቀለለች ሴት ናት። ዛማሌክ አዳሪ ሆና ትሠራለች። እረፍቷ ዐርብ ብቻ ነው፤ ያን ዕለት ዐርቧን ሰጥታ ነው የመጣችው።

"እንደ ሥራ ማለቴ ነበር" አለች አሠልጣኟ ፈገግ ብላ።

"እኔም እንደ ሥራ ነው። እንግዳ ሲኖር እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት እቆማለሁ። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ልጆቹን ለትምህርት ቤት አነሣለሁ። ስተኛ ደስ ይለኛል። ጎበዝ ነኝ ደግሞ፤ ማንም ሳያስተምረኝ ነው የምችለው። ከከፈላችሁኝ አሁኑኑ እጀምራለሁ።"

አሠልጣኟ በዋዛ የምትሸነፍ አይደለችም። "እስቲ ወደ ልጅነትሽ ተመለሺ። ያኔስ ምን ትወጂ ነበር?"

"ያኔማ እናቴ ውሃ እንድቀዳ ወፍ ሳይንጫጫ ትቀሰቅሰኝ ነበር። ያኔ ነው የጀመረኝ።"

የልጅነቱ መንገድ ግን ለሌላው በር ከፈተ። ከወሎ የመጣ አንድ ጎልማሳ ተነሥቶ በልጅነቱ ከብት መጠበቅ ይወድ እንደነበር ተናገረ። አሠልጣኟ ደስ አላት፤ "እንስሳት" ብላ በትልቁ ጻፈችና፣ አርድ ኤል ሊዋ ውስጥ ከእንስሳት ጋር የተያያዘ ምን ሥራ ሊኖር እንደሚችል በቡድን እንድንወያይ አዘዘችን። ተወያየን። ለአረፋ ሰሞን በየሕንጻው ሥር በግ ይታሰራል፤ እርሱን የሚጠብቅ ያስፈልግ ይሆናል የሚል ሐሳብ ቀረበ። በዓመት አንድ ጊዜ መሆኑ እንደ ችግር ተመዘገበ። ከዚያ ዳቦው መጣ።

ስንወጣ ቢጫዎቹን ወረቀቶች አንዲት ግብጻዊት የጽዳት ሠራተኛ ከግድግዳው እየላጠች ጥቁር ላስቲክ ውስጥ ትከታለች። እርሷን ምን ትወጃለሽ ያላት የለም። በሥልጠናው አልተመዘገበችማ።

በወረቀት ደረጃ እንኳ ነገሩ እየተሻሻለ ነው ይባላል። ግብጽ የ1951ዱን የስደተኞች ስምምነት የተቀበለችው በ1981 ነው፤ የራሷን የጥገኝነት ሕግ፣ ቁጥር 164ን፣ ያወጣችው ደግሞ በ2024 መጨረሻ ነው፤ ሁሉም በፈረንጅ አቆጣጠር። አዲሱ ሕግ እውቅና ያገኘ ስደተኛ መሥራት ይችላል ይላል። እሰይ። ጠዋት ሐዲዱን የሚሻገሩት ሴቶቻችን ግን እስካሁን ያው መወልወያና ያው ማዳም ጋ ነው የሚሄዱት፤ ልባቸው ወዴት እንደሚሄድ የጠየቃቸው ሕግ የለም።

የሰፈራችን ቡና አፍዪ የእትዬ ጉዳይ ግን ከሥልጠናውም ከአነቃቂ ንግግሩም የቀደመ ነው። እዚያ ላይ ጥፋቱ የጎረቤት ነው።

እትዬ ቤት ዐርብ ከሰዓት ቡና ይፈላ ነበር። ካይሮ ቄጤማ ስለሌለ ወለሉ ላይ አረንጓዴ የፕላስቲክ ሣር ተነጥፎ፣ ረከቦቱ ላይ ሲኒው ተደርድሮ፣ እርሷ አነስተኛዋ በርጩማ ላይ ቁጭ ትላለች። ስትቆላ ማየት ነው! ዓይኗን ሰው ላይ ጥላ እያወራች እጇ ብረት ምጣዱን ያንገዋልላል፤ ጆሮዋ ግን እዚያው ነው። ፍሬው መንጣጣት ሲጀምር አንገቷን ዘንበል አድርጋ ትሰማዋለች። ወሬዋን ታቋርጣለች። "አሁን" ትልና ታወርደዋለች። አሳርራ አታውቅም፤ ጥሬ አውርዳም አታውቅም። ከዚያ ምጣዱን ይዛ በየተራ ትዞራለች፤ ሰው ጢሱን በእጁ ወደ ፊቱ ይስባል። ሳምንቱን ሙሉ የሰው ወለል ላይ ተንበርክካ የከረመች ሴት በዚያች በርጩማ ላይ እመቤት ናት። ማንም ቶሎ በይ አይላትም። ማንም ይኼ ጎድሏል አይላትም።

እኛ ደግሞ መልካም ነገር አይተን ዝም ማለት አልፈጠረብንም። "ኧረ እትዬ፣ ይኼ እኮ ይሸጣል!" አለ አንዱ። ሌላው፣ "የሚወዱትን እየሠሩ ገንዘብ ማግኘት! ከዚህ ወዲያ ምን አለ?" ብሎ አከለበት። ሦስተኛው በስልኩ ቀርጾ ለቀቀው፤ ከስዊድንና ከቶሮንቶ ልብ ጎረፈ። እትዬም ምድር ቤት አንዲት ክፍል ተከራየች።

የምትወደውን ያዝ የሚል ሰው ሒሳብ ሲያሰላ አይቼ አላውቅም። ኪራይ አለ። መብራት አለ። ቡናው ከአዲስ አበባ የሚመጣው በሰው ሻንጣ ነው፤ ሻንጣ ያለው ሰው ደግሞ የኪሎዋን ዋጋ አሳምሮ ያውቃል። ከሰል አለ። ሲኒ ይሰበራል። ፎቅ ላይ ያለችው ጎረቤት የዕጣኑ ጢስ ያሰጣሁትን ልብስ አበላሸ ብላ በመስኮት ታወርድባታለች። ከሁሉም የባሰው ሦስቱ ዙር ነው። ቡና አቦል፣ ቶና፣ በረካ ነው፤ ደንበኛው የሚከፍለው ለአቦል፣ የሚቀመጠው እስከ በረካ። በመካከሉ የአገር ጉዳይ ይፈታል፣ ስልኩን ቻርጅ ያደርጋል፣ ስፖንሰር ያደርገኛል ወደሚለው ዘመዱ ይደውላል። ሲነሣ "እትዬ፣ ያዢልኝ" ይላል። ያዘችለት፤ ደብተሩ ሞላ። አንድ ቀን ከበረካው በፊት ሒሳብ ጠየቀች ተባለና ሰፈሩ ታዘባት። "እትዬ ተለወጠች፣ ገንዘብ አየች" አሉ፤ በምትወጂው ገንዘብ አግኚ ያሏት ሰዎች፣ እነዚያው።

አሁን እትዬ ቤት የዐርብ ቡና የለም፤ ዐርብ ዋናው የገበያ ቀኗ ነው። ማታ ዘግታ ቤቷ ስትገባ የግብጽ ሻይ በናና ታፈላለች። ቡናስ አልኳት። "ሽታው ራሴን ያዞረኛል" አለችኝ። ድሮ የምትጠላው ሥራና የምትወደው ቡና ነበራት። ዛሬ ሁለቱ አንድ ሆነው፣ የትኛው የትኛውን እንደዋጠ ለማወቅ ማታ ማታ የምትጠጣውን ማየት በቂ ነው።

ፍቅር ሌላም ጣጣ አለው፤ ደመወዝ ይቀንሳል።

በማርች 2024 የግብጽ ፓውንድ ዋጋ ለገበያ ሲለቀቅ የአንዱ ዶላር የባንክ ዋጋ ከ31 ተነሥቶ ወደ 50 ተጠጋ። ደመወዟን በዶላር አስልታ አገር ቤት የምትልክ ሴት ሁሉ ከሲሶው በላይ በነነባት። ያኔ አንዲት የማውቃት ልጅ ጭማሪ ጠየቀች። መሐንዲሲን ሁለት ልጆች ታሳድጋለች። ማዳም ከልቧ አዘነች። አጠገቧ አስቀምጣ፣ እጇን ይዛ፣ "አንቺ እኮ ሠራተኛችን አይደለሽም፤ የቤት ልጅ ነሽ። ልጆቹን ትወጃቸዋለሽ። የምትወጃቸው በገንዘብ ነው እንዴ?" አለቻት። ልጅቱ እውነትም ትወዳቸዋለች። ትንሹ ያለ እርሷ እህል አይቀምስም። አማርኛም ጀምሯል፤ "እምቢ" ማለት ይችላል። አስተማሪዋ ግን ያን ዕለት እምቢ ማለት አቃታት።

ይህ የአንዲት ማዳም ብልሃት ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2009 ባንደርሰንና ቶምፕሰን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በሰሜን አሜሪካ የመካነ አራዊት ጠባቂዎችን አጥንተው ጽፈዋል። ጠባቂዎቹ ብዙዎቹ ኮሌጅ የጨረሱ ናቸው፤ ደመወዛቸው ትንሽ ነው፤ ከሥራቸው ትልቁ ክፍል እበት መጥረግ ነው። ሆኖም ለዚህ ተፈጠርኩ የሚለው ብዙ ነው። ጥናቱ ያሳየው፣ ይህ ጥሪዬ ነው የሚል ጠባቂ ሥራው ትርጉም እንዳለው አብልጦ ይሰማዋል፤ በዚያው ልክ ደመወዙንም፣ የራሱን ጊዜና ምቾቱንም ለሥራው አሳልፎ ይሰጣል፤ አለቃ ከፈለገ ደግሞ በዚህ ሊጠቀምበት ይችላል። ይህን ለማጣራት ለእኛ ቅርብ የነበረው በ1891 የተከፈተው የጊዛ መካነ አራዊት ነው፤ እርሱም በ2023 ለእድሳት ተዘጋ።

በ2020 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ነገሩን ከውጭ ሆኖ ከሚመለከተው ሰው በኩል አየው። አንድ ሠራተኛ ሥራውን በጣም ይወዳል ተብሎ ከተነገረን፣ ያለ ክፍያ ቢያሠሩት፣ ቅዳሜና እሑዱን ቢወስዱበት፣ ያልተቀጠረበትን ቢያዝዙት ብዙም አይከብደንም፤ እንዲያውም ዕድሉን ቢያገኝ ራሱ ፈቅዶ ያደርገው ነበር እንላለን። እንግዲህ ማዳም መጽሔቱን አላነበበችም። ሳታነብ ደርሳበታለች።

በግንቦት 2017 ዓ.ም. አገር ቤት የጤና ባለሙያዎች ደመወዝ ይስተካከልልን ብለው ሥራ ሲያቆሙ፣ እትዬ ቡና ላይ ክርክር ተነሣ። "ሐኪም የሚኮነው ለገንዘብ ነው እንዴ? የፍቅር ሙያ እኮ ነው!" ብሎ የጮኸው ኪራዩን ሚኒሶታ ያለ ወንድሙ የሚከፍልለት ሰውዬ ነው። ቡናውን የጠጣው በዱቤ ነው። እኔም ደሴ ሳስተምር በየመምህራን ቀኑ ሻማ ነህ፣ ራስህ እየቀለጥህ ለሌላው ታበራለህ ይሉኝ ነበር። ማስተማር ደግሞ እወድ ነበር፤ አሁንም እዚህ በስደተኛ ልጆች ትምህርት ቤት ማባዛትና ማካፈል አስተምራለሁ። ግን የሻማ ንግግሩ ሲረዝም የዚያ ዓመት ጭማሪ እንደሌለ አስቀድሜ ማወቅ ተምሬአለሁ።

የድሮዎቹ በዚህ ረገድ ጨዋዎች ነበሩ። አጤ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ስለ ባለ እጅ ያስነገሩት አዋጅ ይታወቃል። ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ቆዳ ፋቂውን፣ አራሹን በሥራው የሚሰድብ ሰው ነበርና ይህ ይቅር አሉ። ልብ በሉ፤ ቀጥቃጩን ወናፍህን ውደድ አላሉትም። ይወደዋል ወይስ አይወደውም የእርሱ ጉዳይ ነው። ለሌላው ግን አትስደበው አሉት። የዛሬ አነቃቂ ቢሆን ሰዳቢውን ትቶ ቀጥቃጩን አዳራሽ ያስገባው ነበር።

ነገሩን በዓለም ደረጃ ያሟሟቀው ስቲቭ ጆብስ ነው ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2005 ስታንፎርድ ለተመረቁ ተማሪዎች፣ የምትወዱትን ፈልጉ፣ እስክታገኙት አትርጉ ዓይነት ምክር ሰጠ። ለእነርሱ ምንም አይደለም። ስታንፎርድን የጨረሰ ልጅ ሳይረጋ ቢከርም የሚረጋበት አያጣም። ችግሩ ቪዲዮው ሐዲድ መሻገሩ ነው።

በመካከላችን የነበረውን ትልቅ ሰው ግን ማን አነሣው? ከመሐንዲሲን አለፍ ብሎ፣ አጉዛ፣ አባይ ዳር ደራሲው ነጂብ ማሕፉዝ ይኖር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1934 በፍልስፍና ተመርቆ፣ በ1971 ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር፤ ከሠራባቸው መሥሪያ ቤቶች አንዱ የአውቃፍ ሚኒስቴር ነው። ቢሮ ይገባል፣ ፋይል ይመልሳል፣ በትርፍ ሰዓቱ ይጽፋል። በ1988 የኖቤል ሽልማት ያመጣው ያ ትርፍ ሰዓት ነው። የእኛው ሐዲስ አለማየሁም "ፍቅር እስከ መቃብር"ን በ1958 ዓ.ም. ሲያሳትሙ በአምባሳደርነትም በሚኒስትርነትም መንግሥት የሚያውቃቸው ሰው ነበሩ። ሁለቱንም ቢሮህን ልቀቅና ልብህን ተከተል ያላቸው ጎረቤት ካለ ታሪክ አልመዘገበውም። እትዬ ነች ጎረቤቷን የሰማችው።

ከእኛ ሕንጻ ሥር ልብስ የሚተኩስ ሽማግሌ አለ፤ ግብጾች መክወጊ ይሉታል። ሱቁ ከበር አትሰፋም። ሸሚዝ ሲይዝ መጀመሪያ ኮሌታውን ገልብጦ ከውስጥ ይተኩሳል፤ ከዚያ ከውጭ፤ ከዚያ የእጅጌውን ስፌት በአውራ ጣቱ አስተኝቶ ብረቱን እስከ ቁልፉ ድረስ ይወስድና ቁልፉን ሳይነካ ይመለሳል። ሐሳብ ሲበዛብኝ የሚተኮስ ባይኖረኝም ቆሜ አየዋለሁ። በዚያ በሥልጠናው ሰሞን ጠየቅሁት፤ "ዐም፣ ሥራህን ትወደዋለህ?"

ብረቱን አነሣና አየኝ። "ሚስት ነው እንዴ?"

"አይ፣ እንዲሁ ነው።"

"የማላውቀው ሰው ኮሌታ ምኑ ይወደዳል? ብቻ የእኔ እጅ የነካውን ሸሚዝ ከሌላው ለይተህ ታውቀዋለህ።" እውነቱን ነው፤ ይታወቃል።

ማታ ዘግቶ ጣሪያ ላይ ይወጣል። እዚያ ከቆሻሻ እንጨት አንድ ላይ የመታው፣ የሚወዛወዝ፣ ከሕንጻው የባሰ ፕላን የሌለው የእርግብ ቤት አለው። ባንዲራ የምትመስል ጨርቅ እያውለበለበ፣ በጣቱ እያፏጨ እርግቦቹን ሰማዩ ላይ ያዞራቸዋል፤ የሌላ ጣሪያ እርግብ ተሳስታ ስትከተላቸው እንደ ልጅ ይዘላል። አብሮኝ የሚኖረው ልጅ አንድ ማታ አብሮን ወጥቶ ይህን አየና ሥልጠናው አገረሸበት። "ዐም፣ እነዚህን እኮ ሥራ ማድረግ ትችላለህ! እርባታ፣ ሽያጭ፣ ፌስቡክ ገጽ!"

ሽማግሌው ጨርቁን አወረደ። "ደንበኛ? እዚህ? ጣሪያዬ ላይ? አዑዙ ቢላህ!" አለና ሁለታችንንም ወደ ደረጃው ነዳን።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ እህቴ ከደሴ ደወለች። ልጇ 12ኛን ጨርሶ ውጤት አልመጣለትም። አይገርምም፤ በ2014 ዓ.ም. ፈተናውን ወስደው ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ነበሩ፤ በተከታዩ ዓመትም ከመቶ 3.2። ያለፈውም ቢሆን መንግሥት በመደበው ነው የሚሄደው፤ በእኛ ዘመን 70 ለ30 ተብሎ ሰባው ወደ ሳይንስ ተነድቷል፤ ግብጽም ውስጥ ልጁን ሐኪም ወይም ጠበቃ የሚያደርገው የማትሪኩ ነጥብ ነው። ለማንኛውም የእህቴ ልጅ የሙያ ኮሌጅ ግባ፣ ኤሌክትሪክ ተማር ቢባል እምቢ ብሏል። ዲጄ ነው የሚሆነው። "አንተ አጎቱ ነህ፣ መምህርም ነህ፣ እስቲ አንድ ነገር በለው" አለችኝና ሰጠችው።

"አጎቴ፣ እኔ ፓሽኔን ነው የምከተለው። የማልወደውን ሠርቼ ዕድሜዬን አላባክንም" አለ። ያንኑ ቪዲዮ አይቶታል፤ ቃል በቃል ነው የያዘው።

"ጥሩ" አልኩት። "እስከዚያ የምትበላውን ማን ያመጣዋል?"

"እማዬ አለች።"

እናቱ የሰው ዳቦ ቤት ውስጥ ሊጥ ታቦካለች። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ትገባለች።

"እንግዲያው እስቲ አንድ ነገር ጠይቅልኝ" አልኩት። "እናትህ ሊጥ ማቡካት ፓሽኗ ነው ወይ?"

መልስ አልሰጠም። ስልኩ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ መሰለኝ፤ ሳህን ሲንኳኳ ይሰማል። ቆይታ እህቴ አነሣችው።

"ኧረ ምን ብለኸው ነው?" አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ተነሥቶ ዕቃ እያጠበ ነው። አሞት እንዳይሆን።"